አልጋ አንጣፊዋ በእንግድነት ስትመጣ

ባለፈው ወር በማኅበራችን ክፍል ሻይ እየጠጣን ሳለን አንድ ክርክር ተነሣ። ለክርክሩ መነሻ የሆንነው እኛው ነበርን። የመጋቢትን የዕረፍት ሳምንት የት እንዳሳለፍን ጓደኞቻችን ቢጠይቁን፣ ከአክስታችንና ከዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ጋራ ወደ ፍሎሪዳ ወርደን፣ በዲዝኒ መናፈሻ ውስጥ ከሚገኙት ታላላቅ ሆቴሎች ባንደኛው ሁለት ሌሊት ማደራችንን ነገርናቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎም ሳቅ ሆነ። ከሳቁ በኋላ የመጣው ግን ሳቅ አልነበረም።

«አክስታችሁ የሆቴል አልጋ አንጣፊ አይደሉምን?» አለ አንዱ። «ስንት ዓመት ያጠራቀሙትን በሁለት ሌሊት አጠፉት ማለት ነው?» ሁለተኛው በዚያ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ወር የቤት ኪራይ፣ ስንት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚከፈልበት በጣቱ ቈጠረ። ሦስተኛው፣ በንባቡ የምናከብረው ጓደኛችን፣ ነገሩን ከፍ አድርጎ «ይኽ ድኻው የባለጠጋውን ሕልም ለአንድ ሌሊት የሚከራይበት ቤት ነው» አለ። አባባሉ አማረና ሁላችን ዝም አልን። የዚኽ ጽሑፍ አቅራቢዎች ወንድምና እኅት ነን፤ እኛም ዝም አልን። ነገር ግን ዝምታችን መስማማት አልነበረም። ያን ቀን በአፍ ያልሰጠነውን መልስ እነሆ በጽሑፍ እናቀርባለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል፤ ሳያውቁ መፍረድ ለተማሪ አይገባምና። ዋልት ዲዝኒ የመጀመሪያውን መናፈሻ በካሊፎርንያ፣ አናሃይም በምትባል ከተማ የከፈተው በሐምሌ 1955 ነው (በዚኽ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ቦታው ቀድሞ የብርቱካን እርሻ የነበረ 160 ኤከር ያኽል መሬት ነው። መናፈሻው እንደ ተከፈተ ሕዝብ ጐረፈበት፤ ይሁን እንጂ ሕዝቡ ማታ የሚያድርባቸው በዙሪያው የበቀሉ ሆቴሎችና ሞቴሎች የሌሎች ሰዎች ነበሩ። በመናፈሻው ስም የተጠራው የመጀመሪያው ሆቴል እንኳ በዚያው ዓመት የተሠራው ጃክ ራዘር በሚባል ሌላ ባለሀብት ገንዘብ ነበር። ዲዝኒ ከዚኽ ያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ እንግዳን ቀን አጫውቶ ማታ ለጎረቤት ማስረከብ ኪሳራ ነው።

ስለዚኽ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ዋጋው እንዳይወደድበት በሌሎች ኩባንያዎች ስም እየተሰወረ፣ በፍሎሪዳ ከ27 ሺህ ኤከር በላይ ረግረግና ዱር ገዛ። ይኽ በቀድሞው የአገራችን ልክ ሲሰላ ከ270 ጋሻ በላይ ነው። ዋልት በ1966 ሞተ። በ1967 የፍሎሪዳ ምክር ቤት ለዚኽ መሬት የተለየ የአስተዳደር መብት ሰጠውና፣ መንገዱም፣ ፍሳሹም፣ የእሳት አደጋ መከላከያውም ኩባንያው በሚቈጣጠረው አስተዳደር ሥር ሆነ፤ ይኸው ሥርዓት እስከ 2023 ቆየ። የዋልት ወንድም ሮይ ሥራውን ፈጽሞ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 መናፈሻውን ሲከፍት ሁለት ሆቴሎች አብረው ተከፈቱ። ከዚያ ወዲኽ እንግዳው ጧት ከዲዝኒ አልጋ ተነሥቶ፣ በዲዝኒ መንገድ ሄዶ፣ በዲዝኒ መናፈሻ ውሎ፣ ማታ ወደ ዲዝኒ አልጋ የሚመለስበት ዓለም ተፈጠረ።

የእነዚኽ ሆቴሎች ልዩነታቸው እያንዳንዱ አንድ አርእስት ያለው መሆኑ ነው። አንዱ የፓስፊክ ደሴቶችን፣ በ1988 የተከፈተው ሌላው የጥንቱን የፍሎሪዳ ባለጠጎች የባሕር ዳር ቤት፣ በ1994 የተከፈተው ደግሞ የምዕራብ አሜሪካን ደን ይመስላል። በ2001 የተከፈተውና እኛ ያደርንበት አኒማል ኪንግደም ሎጅ አርእስቱ አፍሪካ ነው። ይኽን የአርእስት ነገር እስከ ጫፍ የወሰደው ሆቴል በ2022 ተከፍቶ ነበር፤ የጠፈር መርከብ ሆኖ የተሠራ፣ 100 ክፍል ያለው፣ በመስኮቱ ፈንታ ሰው ሠራሽ ከዋክብት በመስታወት የሚታዩበት፣ ሁለት ሰዎች ለሁለት ሌሊት ወደ 5 ሺህ ዶላር የሚከፍሉበት ነበር። በመስከረም 2023 ተዘጋ። ከዋክብቱን ለማየት ይኽን ያኽል የሚከፍል ሰው ለዘለቄታው አልተገኘም ማለት ነው።

አሁን ወደ አክስታችን እንመለስ። እትዬ (ስማቸውን ባንጽፍ ይወዳሉ) በዋሽንግተን አካባቢ፣ ስሙን በማንጠቅሰው ሆቴል፣ አሥራ አንድ ዓመት አልጋ አንጥፈዋል። በቀን እስከ አሥራ አምስት ክፍል ይደርሳቸዋል። አንሶላ መለወጥ፣ መታጠቢያ ቤት መፈተግ፣ ምንጣፍ መጥረግ፣ ከባዱን ፍራሽ በአንድ እጅ ከፍ አድርጎ በሌላው አንሶላውን ከሥሩ መክተት ነው። ወገባቸው ታሟል። በእነዚኽ ዓመታት ውስጥ በሆቴል አልጋ አንድ ሌሊት እንኳ ተኝተው አያውቁም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚባለው ለእሳቸው ተረት አልነበረም።

ለዚኽ ጕዞ የወጣው ገንዘብ ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋራ የገቡበት ዕቁብ ሲደርሳቸው ያገኙት ነው። ጓደኞቻችን አገር ቤት ስላለው ወገን መጨነቃቸውን እናመሰግናለን። ነገር ግን እትዬ በየወሩ ለእናታቸው መላካቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን ማስተማራቸውን፣ ለሞተ ማዋጣታቸውን አንድ ጊዜም አላቋረጡም። ለራሳቸውና ለልጃቸው ያወጡት የመጀመሪያ ገንዘብ ይኽ ነው። የአንዱ ሌሊት ኪራይ የአንድ ሳምንት ደመወዛቸውን ሊጨርስ ምንም ያኽል አልቀረውም። ይኽን እኛም አስልተን ደንግጠን ነበር። «እትዬ፣ ከመናፈሻው ውጭ ርካሽ ማደሪያ ሞልቷል» ብንላቸው፣ «ርካሹንማ አውቀዋለሁ፤ እኔ ማየት የምፈልገው ውዱን ነው» አሉ።

ርካሹንም ቢሆን አይተነዋል። ከዋሽንግተን አሥራ አራት ሰዓት ያኽል ነድተን የደረስንበትን የመጀመሪያ ሌሊት ያደርነው ከመናፈሻው በስተ ደቡብ፣ ወደ ኪሲሚ በሚወስደው በ192 ቁጥር አውራ ጎዳና ዳር፣ በአንድ ሞቴል ነበር። ይኽ ጎዳና ቀድሞ ለመናፈሻው እንግዶች የተሠሩ፣ ቀለማቸው የደመቀ ሞቴሎች የተደረደሩበት ነው። አሁን ብዙዎቹ መንገደኛ ሳይሆን ቤተሰብ ያድርባቸዋል። ቤት ለመከራየት የመጀመሪያውን ወርና መያዣውን ባንድ ጊዜ መክፈል ያቃተው ሰው፣ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየከፈለ በአንድ ክፍል ውስጥ ልጆቹን ያሳድጋል። በ2017 የወጣው «ዘ ፍሎሪዳ ፕሮጄክት» የተባለው ፊልም ስለ እነዚኽ ልጆች የተሠራ ነው። ጧት ስንነሣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከሞቴሉ ፊት ቆመና፣ ቦርሳ ያዘሉ ልጆች ከየክፍሉ እየወጡ ገቡ። የእትዬ ልጅ «እነዚኽም ለዕረፍት መጥተው ነው?» ብላ ጠየቀች። ማናችንም አልመለስንላትም።

ከዚያ ጎዳና እስከ ሎጁ በመኪና ሩቅ አይደለም። በሩ ላይ ስንደርስ አንድ አስተናጋጅ ፈገግ ብሎ «እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ» አለን። በዲዝኒ ሆቴሎች እንግዳን እንዲኽ ብሎ መቀበል የተለመደ ነው፤ ሰውየው ሥራው ስለ ሆነ እንጂ ስለ እኛ ያወቀው ነገር አልነበረም። እትዬ ግን አገራቸውን ካዩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነውና፣ ሻንጣውን እንደ ያዙ ጥቂት ቆሙ።

ቤቱን ያቀደው ፒተር ዶሚኒክ የተባለ የሕንፃ ባለሙያ ነው። አሠራሩ በደቡብ አፍሪካ ከብት በሚከበብበት በረት አምሳል፣ እንደ ፈረስ ኮቴ የጐበጠ ነው። የእንግዳ መቀበያው ጣራ እንደ ሣር ክዳን ሆኖ እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ መብራቶቹ በጋሻ ቅርጽ ተሠርተዋል፤ በየግድግዳው ከልዩ ልዩ የአፍሪካ ሕዝቦች የተሰበሰቡ ጭምብሎች፣ ዕቃዎችና ጥልፎች ከነማብራሪያቸው ተቀምጠዋል። ከናይጄሪያ የመጣው ኢጄሌ የሚባለው ግዙፍ ጭምብል ብቻውን የአንድ ጎጆ ያኽል ይቆማል። በሕንፃው ክንዶች መካከል ሰፊ መስክ አለ፤ ቀጭኔ፣ የሜዳ አህያ፣ ቀንዱ የረዘመ የአንኮሌ ከብት ይግጥበታል። እንስሳው ወደ ሰው እንዳይመጣ የሚያግደው ቦይ ከሰገነት ሆኖ ለሚመለከት አይታይም። መስኩን የሚያሳየው ክፍል መስኩን ከማያሳየው ይልቅ ይወደዳል።

የሕንፃዎቹና የምግብ ቤቶቹ ስም አብዛኛው ስዋሂሊ ነው። አንደኛው ሕንፃ «ኪዳኒ» ይባላል፤ የአንገት ጌጥ ማለት ነው። የእትዬ ልጅ ጽሑፉን አንብባ «የጋሼ ኪዳኔ ቤት ነው እንዴ?» ብላ አሳቀችን። ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ወጣቶችም እዚያ ይሠራሉ። በደረታቸው ላይ ባለው ምልክት ከስማቸው በታች የመጡበት አገር ስም ተጽፏል፤ ማታ እሳት ዙሪያ ለልጆች ተረት ያወራሉ።

እኛ፣ እንደ ተማሪ፣ ለመተቸት ቸኰልን። ይህች አፍሪካ ከተማ የላትም፤ ዩኒቨርሲቲ የላትም፤ ምክር ቤት የላትም። በ1961 በአዲስ አበባ የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ያለበት፣ በ1963 የነጻ አገሮች መሪዎች ተሰብስበው የአንድነት ድርጅታችንን ቻርተር የፈረሙበት፣ እሱም አፍሪካ ነው፤ ግን በሰገነት ላይ ቡና ይዞ ለሚቀመጥ እንግዳ መልክዓ ምድር አይሆንም። ይኽን ሁሉ ለእትዬ አስረዳናቸው። እሳቸው በፔርሙዝ ያመጡትን ቡና እየቀዱ አዳመጡን። ከዚያ በኋላ እንዲኽ አሉ፦ «የምትሉት ልክ ይሆናል። እኔ ግን ቀጭኔ አገሬ እንዳለ በትምህርት ቤት ሰማሁ፤ ያየሁት ዛሬ ነው። ለማየት ፍሎሪዳ ድረስ መምጣቴ የማን ጥፋት ነው?»

ይኽን ጥያቄ ለአንባቢዎቻችን እናስተላልፋለን። በኋላም እንመለስበታለን።

አሁን ለዚኽ ጽሑፍ ስሙን ወደ ሰጠው ነገር ደርሰናል። በመጀመሪያው ጧት ስንነሣ እትዬ አልጋቸውን አንጥፈው ጨርሰው የእኛን ጀምረው ነበር። አንሶላው ተወጥሮ፣ ማዕዘኑ በደብዳቤ ፖስታ አምሳል ታጥፎ፣ ትራሱ ተነፍቶ። «እትዬ፣ ምን ነካዎት? ለዚኽ እኮ ከፍለዋል!» አልናቸው። «እኔማ ልተወው ብዬ ነበር፤ እጄ አልታዘዘኝም» አሉ። ጥቂት ቆይቶ የክፍል ሠራተኛዋ አንኳኩታ ገባች፤ በዕድሜ የእትዬ እኩያ የሆነች፣ ከሃይቲ የመጣች ሴት ናት። አልጋውን አየች፤ ማዕዘኑን በሁለት ጣት ነካ አደረገች፤ ከዚያ እኛን ሁላችንን ትታ ወደ እትዬ ዞረችና «የት ነው የምትሠሪው?» አለቻቸው። ሁለቱም በማያቀላጥፉት እንግሊዝኛ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ክፍል ብዛት፣ ስለ ልጆች ተነጋገሩ። ስትወጣ «ነገ እንዳትነኪው፤ ነገ የኔ ነው» አለቻቸው።

በሁለተኛው ጧት እትዬ አልጋውን ተዉት። አንሶላው እንደ ተዘበራረቀ፣ ብርድ ልብሱ ግማሹ መሬት እንደ ነካ። ከትራሱ አጠገብ ጥቂት ዶላር አስቀምጠው ሰገነቱ ላይ ወጡና ዳቦ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ቀጭኔዎቹን ተመለከቱ። ልጃቸው እላያቸው ላይ ተደግፋ ተኛች። እስከ ሦስት ሰዓት አልተነሡም። እኛ አክስታችንን ጧት በሦስት ሰዓት ተቀምጠው አይተናቸው አናውቅም ነበር።

ጓደኛችን «የባለጠጋውን ሕልም መከራየት» ያለው ይኽን ከሆነ፣ እኛ አንስማማም። የሰው ልጅ ሠርቶ ማረፍ ያለበት መሆኑ የባለጠጋ ሕልም አይደለም። በታሪክ እንደምናየው ደመወዝ ሳይቋረጥ ማረፍ የተገኘው በሠራተኛ ትግል ነው። በ1936 የፈረንሳይ ሠራተኞች ፋብሪካዎቹን ይዘው ሥራ ካቆሙ በኋላ በዓመት ሁለት ሳምንት ደመወዝ ያለበት ዕረፍት በሕግ ተሰጣቸው፤ በዚያው ክረምት ብዙዎቹ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር አዩ። ያን ጊዜም ይኽን ያፌዙበት ነበሩ። በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በ24ኛው አንቀጹ ዕረፍትን፣ የሥራ ሰዓት ወሰንንና ደመወዝ ያለበትን የዕረፍት ቀን የሰው ሁሉ መብት አድርጎ ጻፈው። በአገራችንም በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ባለጠጋዋ አሜሪካ ግን የግል ድርጅት ለሠራተኛው የዓመት ዕረፍት ከነደመወዙ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የላትም። እንግዲኽ አክስታችን አሥራ አንድ ዓመት ያላረፉት ገንዘብ ስለሚወዱ አይደለም።

ይኽን ስንል ሆቴሉን ለማወደስ አይደለም። በዚያ ቤት ምቾት ማለት ሥራው የማይታይ መሆን ነው። በፍሎሪዳ የመጀመሪያው መናፈሻ ሲሠራ ከእንግዶቹ እግር በታች ለሠራተኞች መተላለፊያ መንገድ ተሠርቶለታል፤ ቆሻሻውም፣ ስንቁም፣ ሠራተኛውም በዚያ ያልፋል። በኩባንያው ቋንቋ ሠራተኛው «ተዋናይ» ይባላል፤ የሥራ ልብሱም «የመድረክ ልብስ» ነው። ቃሉ ያምራል፤ ነገር ግን ተዋናይ ሲደክመው በመድረክ ላይ አይታይም። ሰዎቹ ድካማቸው የታየላቸው በማኅበር ተደራጅተው በጠየቁ ጊዜ ነው። በ2018 የሠራተኞቹ ማኅበራት ባደረጉት ስምምነት ዝቅተኛው ደመወዝ እስከ 2021 በሰዓት ወደ 15 ዶላር ከፍ እንዲል፣ በ2023 በተደረገው ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ወደ 18 ዶላር እንዲደርስ ተወስኗል። ይኽ በመለመን የተገኘ አይደለም። ቢሆንም በ18 ዶላር የሚሠራ ሰው በዚያ ሎጅ አንድ ሌሊት ለማደር ስንት ቀን አልጋ ማንጠፍ እንዳለበት፣ በሒሳብ የበረቱት ጓደኞቻችን ያሰሉት ዘንድ እንተዋለን። መልሱ ቢያሳዝናቸው፣ ኀዘናቸው በአክስታችን ላይ አይሁን።

ስሕተቱ ያለው እዚኽ ላይ ይመስለናል። እኛ ተማሪዎች በጭቆና ላይ ስንነሣ ብዙ ጊዜ የሚቀናን ተድላውን መጥላት ነው። ዋናተኛውን እንተውና ገንዳውን እንረግማለን። ባለጠጋው በገንዳው ሲዋኝ ዝም ብለን፣ አልጋ አንጣፊዋ እግሯን ስትነክር «አባከነች» እንላለን። ቈጥቡ፣ ላኩ፣ ታገሡ የሚለው ምክር የሚሰጠው ሁልጊዜ ለማን ነው? በማኅበራችን ክፍል ውስጥ ስንሳለቅ ከነበርነው ውስጥ ስንቶቻችን ነን በእንዲኽ ዐይነት እናቶችና አክስቶች ገንዘብ የተማርን? እኛ ሁለታችን የመጽሐፋችንን ዋጋ ከእትዬ ተቀብለናል። መጽሐፍ ሲገዙልን ማንም አባከኑ አላላቸውም።

ወደ እትዬ ጥያቄ እንመለስ፤ ቀጭኔን ለማየት ፍሎሪዳ ድረስ መምጣታቸው የማን ጥፋት ነው? አገራችን ዛሬ የመዝናኛ ሆቴል ትሠራለች። በ2020 የታወጀው «ገበታ ለአገር» ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ለጐብኚ ለማዘጋጀት የተነሣ ነው። ይኽን አንነቅፍም፤ ጣናን ተቀምጦ ለማየት ቤት ያስፈልጋል፤ ለወጣቱም ሥራ ነው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በእነዚኽ ቤቶች አልጋ የምታነጥፈው ልጅ፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እናቷን ይዛ በአንዱ አልጋ ልትተኛ ትችላለችን? ምድጃውን የሚለኩሰው ሰው ልጁን ሐይቁን በሚያየው ሰገነት ላይ ያስቀምጠው ይሆን? የአንድ ሪዞርት ታላቅነት የሚለካው ከውጭ በሚያመጣው ዶላር ብቻ ከሆነ፣ እኛም ለራሳችን የራሳችንን አገር አርእስት አድርገን ሠርተን፣ ሕዝባችንን በዚያ ውስጥ «ተዋናይ» ብቻ እናደርገዋለን።

ይኽ የማይቻል ነገር አይደለም። ለሠራተኞች በየዓመቱ የተወሰኑ ሌሊቶችን በነጻ ወይም በትንሽ ዋጋ መስጠት፣ እንግዳ በሚያንስበት ወራት ለመምህራንና ለተማሪዎች በርን መክፈት፣ የሠራተኞች ማኅበር በእያንዳንዱ ቤት እንዲቋቋም መፍቀድ፣ አስቸጋሪ ጥበብ አይፈልግም። አባቶቻችን ፍል ውሃውን ለመኳንንትም ለድኻም መታጠቢያ አድርገውታል። የስድስት ኪሎው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ገብቶ የሚያየው ሙዚየም ሆኗል። የተዘጋ ቤት ሊከፈት እንደሚችል ከዚያ ግቢ የወጣ ሰው ሊጠራጠር አይገባውም።

እስከዚያው ድረስ ለጓደኞቻችን ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ሆቴል ባደራችሁ ቁጥር፣ በስብሰባም ቢሆን በሠርግ፣ አልጋውን ላነጠፈችው ሴት ጉርሻ ትታችሁ ውጡ፤ ብታገኟትም ስሟን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ በዚኽ ከተማ በሆቴል የሚሠሩ ወገኖቻችን ስለ ሥራ መብታቸው የሚጠይቁት ሲኖር፣ ሕግ የምታጠኑት በሳምንት አንድ ማታ በዚኽ ክፍል ተቀመጡላቸው፤ ወረቀታቸውን አንብባችሁ አስረዷቸው። ሦስተኛ፣ እናቶቻችሁና አክስቶቻችሁ ያላረፉበትን ዓመት ቍጠሩና፣ የመጀመሪያውን ደመወዛችሁን ስትቀበሉ ምን እንደምታደርጉበት አስቡ።

እትዬ ሰኞ ዕለት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አሥራ አምስት ክፍል ጠብቋቸው ነበር። እንዴት ዋሉ ብለን ማታ ብንደውል፣ «እንደ ወትሮው ነው፤ ግን ዛሬ አንሶላውን ስዘረጋ ሰውየው ጧት ምን ያኽል እንደሚከብደው መነሣት ዐወቅሁት» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም አዲስ ዕቁብ መግባታቸውን ነገሩን። ወዴት ሊሄዱበት እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው «ወደ አገሬ፤ አርባ ምንጭ» አሉ፤ «የኛውን የሜዳ አህያ ልጄ ትየው።»

ጓደኛችን በዚኽ የሚለው ካለው፣ የሚቀጥለው እትም ገጽ ክፍት ነው፤ ብዕሩን ያንሣ።